ዳግማዊ ምኒልክ፣ ባሕር ዛፍና የእንጨት ነገር

ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሕይወት የተጻፈው ብዙ ነው። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ግን ዐይናቸውን የጣሉት በጦር ሜዳና በውል ድርድር ላይ ስለሆነ፣ እኒህን ንጉሥ በዘመነ መንግሥታቸው ሁሉ ሲከታተላቸው የኖረውን አንድ ችግር፣ ማለት የእንጨትን ችግር፣ በጥቂት ቃል አልፈውታል። የዚህ መጽሔት አንባቢ ግን ከግንድ፣ ከሳንቃና ከምሰሶ ጋር የሚውል ባለሙያ ነውና፣ የንጉሡን ታሪክ በዚህ በኩል መመልከት ሳይጠቅመው አይቀርም። ዛሬ በአዋሳኝ ኮረብታዎች ሁሉ ላይ የምናየው ዛፍ ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እንደ ተመረጠ፣ ምን እንደ ሰጠንና ምን እንዳልሰጠን የሚነግረን ይኸው ታሪክ ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። የአንጎለላ አገር ነፋስ የሚነፍስበት ገላጣ ደጋ ነው፤ ዛፉ ጥቂት፣ ማገዶውም ኩበት ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ግን የአንኮበርና የወፍ ዋሻ ጥድ ገደሉን ሸፍኖ ይታያል። እንጨት ያለውንና የሌለውን አገር ጎን ለጎን እያዩ ማደግ በሕፃን ልብ ምን እንደሚያሳድር መናገር አይቻልም። ቢሆንም በኋላ ዘመን ከደን ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ለሚያጠና ሰው ይህ የትውልድ አገር መዘንጋት የለበትም።

በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ሞቱና፣ ልጁ በምርኮ ተወሰደ። ምኒልክ በመቅደላ አምባ ኖረው፣ በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ በአባታቸውም ዙፋን ተቀመጡ። ከዚህ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዘመናቸው በዘመቻና በግዛት ማስፋት የተሞላ ነው። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ማረኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከዓባይ ደቡብ ያለው አገር የሸዋ መሆኑ ተረጋገጠ። ለእኛ ነገር ዋናው ግን በዚሁ ዘመን መናገሻቸውን ከአንኮበርና ከልቼ ወደ እንጦጦ ማዛወራቸው ነው።

የዚያን ጊዜ የቤተ መንግሥት ከተማ ከዛሬው ከተማ ጋር አይመሳሰልም። ንጉሡ በሰፈሩበት ሁሉ ሠራዊቱ፣ መኳንንቱ፣ አሽከሩና ነጋዴው አብሮ ይሰፍራል። ቤቱ ሁሉ የእንጨትና የጭቃ ነው። የግድግዳው ማገር፣ የጣሪያው ወራጅ፣ የመካከሉ ምሰሶ፣ የግቢው አጥር፣ ሁሉም ከደን ይቆረጣል። ይህ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ማገዶው ግን የየዕለት ነው። እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላውና ጠጁ በእሳት ይሠራል፤ የእንጦጦም ብርድ ሌሊቱን ሁሉ እሳት ያስነድዳል። እንዲህ ያለ ሰፈር አንድን ተራራ በጥቂት ዓመት ገላጣ ያደርጋል። ጥድና ወይራ ተቆርጠው የሚተኩበት ጊዜ ደግሞ የሰው ዕድሜ ነው። የደን መራቆትን ለድርቅ ወይም ለገበሬው ብቻ የሚያስቆጥሩ ጽሑፎች በብዛት ይነበባሉ፤ በእንጦጦ ግን ደኑን የበላው ራሱ ቤተ መንግሥቱ መሆኑን በግልጽ መናገር ይገባል።

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ብለው ሰየሙ፤ ከተማውም ቀስ በቀስ ወረደ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ ክፉ ቀን የተባለው የከብት እልቂትና ረኃብ አገሩን ይዞት ነበር። ከረኃቡ በኋላ ሕንፃው እንደገና ቀጠለ። ቤተ መንግሥቱ በ1880ዎቹ አጋማሽ በእሳት ተቃጥሎ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ለዚህም ግንዱ ከሩቅ ደን እየተጎተተ ይመጣ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ጥድ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው ተብሎ ይነገራል። ምኒልክም ያን ደን ማንም እንዳይደፍረው አስጠብቀዋል፤ ከራሳቸው ሕንፃ በስተቀር ማለት ነው።

ንጉሡ የእጅ ሥራ አፍቃሪ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋይና እንጨት ከሕዝቡ ጋር ይሸከሙ እንደ ነበር ይተረካል። ሰዓትም ሆነ መሣሪያ፣ አዲስ ነገር ሲመጣላቸው ፈትተው ውስጡን ሳያዩ አይተውትም። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው የስዊስ ኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግ ለብዙ ዓመታት የልብ አማካሪያቸው ሆኖ፣ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቷል፣ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት አስገብቷል፣ የባቡር ሐዲዱንም ጉዳይ መርቷል። የባቡሩ ውል በ1886 ዓ.ም. ተፈረመ።

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ግድም ነው። ዘሩን ያመጣው በንጉሡ አጠገብ የነበረው ፈረንሳዊ ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ በብዛት ይጻፋል። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነውና ባሕር ዛፍ ተባለ። ከብዙዎቹ ዓይነቶች ሁለቱ ጎልተው ወጡ፤ እነሱም በደጋው የሚበቅለው ነጭ ባሕር ዛፍና ሞቃቱን አገር የሚችለው ቀይ ባሕር ዛፍ ናቸው። ይህ ዛፍ ለምን ተመረጠ ቢባል፣ መልሱ በፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ ስለዚህ አጥርና ጠባቂ ሳያስፈልገው ያድጋል። ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። አንድ ጊዜ የተከለ ሰው በአምስትና በስድስት ዓመት አጣና ቆርጦ፣ ከዚያው ሥር ደግሞ ደጋግሞ ያመርታል። ለአገራችን ልቅ ግጦሽ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ የውጭ ዛፍ ማግኘት ያስቸግር ነበር።

ዛፍ መምጣቱ ብቻ ከተማ አያድንም። የምኒልክ ብልኃት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዘሩ ይልቅ ከዘሩ በኋላ በተሠራው ሥራ ላይ ነው። ችግኝ በርካሽ እንዲታደል አደረጉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነፃ እንዲሆን ፈቀዱ። መኳንንቱ ይህን ባዩ ጊዜ በየግቢያቸው ተከሉ፤ ገበሬውም ከእነሱ ተማረ። ከሁሉ በፊት መትከሉ እንደሚያተርፍ ማሳየት እንደሚገባ የገባቸው ገዥ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ዛፉ እስኪደርስ ከተማው መጠበቅ አልቻለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዓድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ቤት መሥራት ጀመሩ፤ ሕዝቡም በዛ፤ እንጨቱም ራቀ። ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ግድም ምኒልክ መናገሻውን ወደ ምዕራብ፣ ደን ወዳለበት እጀሬ ለማዛወር ቆርጠው አዲስ ዓለም ብለው ሰየሙት፤ ቤተ መንግሥትም አስጀመሩ። ነገሩ ግን አልተፈጸመም። ኤምባሲዎቹ የሠሩትን ቤት ትተው ለመነሣት አልወደዱም፣ ከተማው ሥር ሰድዷል፣ የባሕር ዛፉም ችግኝ ማደጉ ታየ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንድ ዋና ከተማ በማገዶ ምክንያት ሊነሣ ተቃርቦ በዛፍ ምክንያት መቅረቱ በዓለም ታሪክ ተደጋግሞ የሚገኝ ነገር አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስለ ስልክ ምሰሶ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ከዓድዋ በኋላ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የስልክ መስመር ሲዘረጋ ሽቦው የተሰቀለው በእንጨት ላይ ነበር። ቆላው የምስጥ አገር ነውና ምሰሶዎቹ ብዙ ሳይቆዩ ከሥራቸው ተበልተው ወደቁ፤ በብረት መተካትም ግድ ሆነ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ባቡርም ሐዲዱ በብረት እንጂ በእንጨት ጋድሚያ ላይ አልተዘረጋም። ምኒልክ እንጨት በብዛት ማግኘትን መፍትሔ ሰጡት፤ እንጨቱ መሬት ውስጥ ተቀብሮ እንዲቆይ ማድረግ ግን ለሚቀጥለው ትውልድ ቀረ። የባለሙያው ፈተና ከዚህ ይጀምራል።

ባሕር ዛፍ በፍጥነት ማደጉ ራሱ የጠባዩ ምንጭ ነው። ግንዱ ቆሞ ሳለ ውጭው ክፍል ተስቦ፣ ውስጡ ተጨምቆ ይኖራል፤ ሲቆረጥ ያ ኃይል ይለቀቅና ጫፉ በኮከብ ቅርጽ ይሰነጠቃል። ሳንቃው ሲደርቅ አብዝቶ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፤ አንዳንዴም ቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ። ለዚህ ነው አናጢው ለበርና ለመስኮት ዋንዛን ወይም ዝግባን የሚፈልገው፤ ባሕር ዛፉ ግን በአጣናነትና በማገዶነት የቀረው። አንድ ዛፍ በሳንቃነት ሊሸጥ ሲችል በአጣናነት መሸጡ ለገበሬው ምን ያህል ገቢ እንደሚያስቀር ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስላት አያስፈልግም።

እንጨትን በእሳት የማሻሻል ጥበብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ገበሬ የአጥሩን እንጨት ከመትከሉ በፊት የሚቀበረውን ጫፍ ያቃጥለዋል። በጎጃም፣ ከሊበን እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው ገጠር፣ ዱላ የሚይዝ ሰው አዲሱን ዱላ በእሳት አሙቆ ያቃናዋል፤ ቅቤ እየቀባ ከምድጃው በላይ በጢስ ያቆየዋል። ይህ አሠራር ሙቀትን ከሚሰርግ ቅባት ጋር ያጣመረ ነው፤ በመርሕ ደረጃ ዛሬ በፋብሪካ ከሚሠራው ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ልኩ ነው። የተቃጠለው የአጥር ጫፍ የሚለወጠው ከላይ ብቻ ነው፤ ከሰሉ ከተሰነጠቀ ምስጡ ወደ ውስጥ ይገባል።

የዘመኑ የሙቀት አያያዝ እንጨቱን እስከ ልቡ ይለውጠዋል። አሜሪካዊው የእንጨት ሳይንቲስት አልፍሬድ ስታም በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መሠረቱን አስቀመጠ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ፊንላንድ፣ ፈረንሳይና ሌሎችም በፋብሪካ ሥራ ላይ አዋሉት። እንጨቱ አስቀድሞ ይደርቃል፤ ከዚያ ኦክስጅን በጥቂቱ ብቻ በሚገኝበት ምድጃ፣ በእንፋሎት፣ በናይትሮጅን ወይም በዘይት ውስጥ ከ160 እስከ 240 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃል። በእንጨት ውስጥ ካሉት ሦስቱ ዋና ዋና ክፍሎች፣ ማለት ከሴሉሎስ፣ ከሊግኒንና ከሄሚሴሉሎስ፣ አስቀድሞ የሚፈርሰው የመጨረሻው ነው። ሄሚሴሉሎስ ሲፈርስ አሴቲክ አሲድ ይወጣል፤ እሱም መፍረሱን ያፋጥነዋል። ውኃን የሚይዘው በአብዛኛው ይኸው ክፍል ስለሆነ፣ እንጨቱ ከዚያ በኋላ እርጥበት የመሳብ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ማበጡና መኮማተሩም እንዲሁ። ሻጋታና አብስባሽ ፈንገስም የሚመገቡትን ያጣሉ። ቀለሙ ይጠቁራል።

ዋጋው ግን አለ። እንጨቱ ክብደቱን ያጣል፣ ተሰባሪ ይሆናል። በፖርቱጋል ተመራማሪዎች በነጭ ባሕር ዛፍ ላይ፣ ያው ምኒልክ ባስተከሉት ዛፍ ላይ፣ ከ170 እስከ 200 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሙከራ አድርገዋል። ቅርፁን የመጠበቅ ችሎታው ተሻሽሏል፣ ሚዛናዊ እርጥበቱ ቀንሷል፤ መታጠፍን የመቋቋም ጥንካሬው ግን በግልጽ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ በሙቀት የተያዘ ባሕር ዛፍ ለወለል፣ ለመስኮትና ለቤት ዕቃ እንጂ ለጣሪያ ተሸካሚነት አይታሰብም። ምስጥንም ሙቀት ብቻውን አያባርረውም፤ መሬት ውስጥ ለሚቀበር ምሰሶ አይመከርም። ዛፉ ሲቆረጥ የሚፈጠረውንም ስንጥቅ ምድጃው አይጠግነውም፤ አቆራረጡና አደራረቁ ቀድሞ መስተካከል አለበት። ይህን ሳይሠሩ ምድጃ መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሌላው መንገድ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶችን ወደ እንጨቱ ማስረግ ነው። ናኖ የሚባለው ቅንጣት መጠኑ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ ድቀቱ በእንጨት ሕዋሶች መካከል ባሉት ጠባብ በሮች ያልፋል። ዚንክ ኦክሳይድና መዳብ ፈንገስን ለመከላከል፣ ቲታኒየም ኦክሳይድ የፀሐይ ጨረርን ለመመከት፣ ሲሊካ ለጥንካሬ ተሞክረዋል። በኢራን በጥቁር ፖፕላር ላይ በተደረገ ጥናት፣ የብር ናኖ ቅንጣት አስቀድሞ የተረጨበት እንጨት በሙቀት ሲያዝ ሙቀቱ ፈጥኖ ወደ ውስጥ እንደሚደርስ ታይቷል፤ ብር ሙቀት አስተላላፊ ነውና። በዚያው መጠን ግን መፍረሱም ይብሳል፤ የሙቀቱ ልክና ሰዓት መቀነስ አለበት ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ እጅግ የደቀቀ የመዳብ ዱቄት በምሰሶና በአጥር እንጨት ላይ በገበያ ውሏል፤ አርሴኒክ ያለበትን የቀድሞውን ውሕድ በመኖሪያ ቤት አካባቢ ተክቷል።

በእኛ አገር የመብራትና የስልክ ባሕር ዛፍ ምሰሶ ለረጅም ጊዜ የተያዘው በክሪዮዞትና መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ ባለበት ውሕድ በግፊት ነው። ናኖው ይተካው ይሆን ለሚል ባለሙያ አንድ እንቅፋት ላሳስብ። የባሕር ዛፍ ልብ እንጨት ቀዳዳዎቹ በተፈጥሮ የተደፈኑ ናቸው፤ ፈሳሽ የሚቀበለው የዳሩ ነጭ ክፍል ብቻ ነው። ቅንጣቱ የቱንም ያህል ቢደቅ ፈሳሹ ካልገባ እሱም አይገባም። በዝናብ ታጥቦ ወደ አፈር መውጣቱና የሚሠራበት ሰው ሳንባ ጉዳይም ገና በሚገባ መጠናት አለበት። እንግዲህ ለጊዜው ለእኛ የሚቀርበው ቀላሉ ነገር ነው፤ ወፍራም ግንድ ማሳደግ፣ በጥላ ቀስ ብሎ ማድረቅ፣ ለቤት ዕቃ የሚሆነውን በመጠነኛ ሙቀት መያዝ።

ወደ ንጉሡ ልመለስ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ወዲያውም ሕመም ጸናባቸው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከመንግሥት ሥራ ርቀው በአልጋ ላይ አሳለፉ። በዚያ ዘመን ባሕር ዛፍ ውኃ ያደርቃል፣ መሬት ያከሳል የሚል ክስ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ የሐር ትል የሚበላው እንጆሪ እንዲተከል ታወጀ ተብሎ ይነገራል። ክሱ ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬም በምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ መትከል ስሕተት መሆኑን እንመክራለን። አዋጁን ግን ማንም አልፈጸመውም። ሰው ሁሉ ማገዶውንና ምሰሶውን ያገኝበት የነበረውን ዛፍ ለማያውቀው ሐር ብሎ ለመንቀል አልፈቀደም።

ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸውም ለብዙ ጊዜ ተሰውሮ ቆየ። አጽማቸው ዛሬ በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ በበዓታ ለማርያም ነው። የተከሉት ዛፍ ከሳቸው በኋላ ዓባይን ተሻገረ። በሕይወታቸው በእምባቦ ድል ያደረጉት የጎጃም አገር ዛሬ ከመራዊ እስከ ቡሬ በዚህ ዛፍ ተሸፍኗል፤ ገበሬው የጤፍና የበቆሎ ማሳውን ሳይቀር ወደ ባሕር ዛፍ እየለወጠ ነው፤ አጣናውም በጭነት መኪና እየተጫነ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር ኖሯል። የሚሻገረው ግን እንደ ተቆረጠ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ሳይደርቅ፣ ሳይታከም ነው፤ ዋጋውም የሚቆጠረው በአጣና ነው።